ከደጅ ጥናት ወደ መብት፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መዝገብና ጠያቂው

በልደታ፣ አዲስ አበባ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ንግግሬን ከዚሁ ከሰፈራችን ልጀምር። በልደታ ጥቂት መንገድ የሚራመድ ሰው ሁለት የመንግሥት ተቋማትን ያገኛል። አንደኛው በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በ1940ዎቹ የተቋቋመው የሕንጻ ትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኪነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኖ ነበር። ሁለተኛው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ነው። ሁለቱም መዝገብ ቤት አላቸው። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት አሠራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ክስ ሲቀርብ መዝገብ ይከፈታል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀጠሮው ይጻፍበታል። ነገሩ ሲያልቅ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። ቢዘገይም፣ ቢያንገላታም፣ ባለጉዳዩ ቁጥሩን ጠርቶ ግልባጭ ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ አንድ ዜጋ ወደ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ «የዛሬ ሠላሳ ዓመት ይህንን የትምህርት ክፍል እንዲዘጋ የወሰነውን ቃለ ጉባኤ ማየት እፈልጋለሁ» አለ እንበል። የትኛውን ቁጥር ይጥራ? የትኛው መስኮት ላይ ይቁም? ማን ተቀብሎ፣ በስንት ቀን ይመልስለት? የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሰው ነው። ጥያቄው የአስተዳደር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መዝገብን ለሕዝብ ምስክርነት ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን፣ ሽያጭንና ውርስን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ነጻ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጽፉ ነበር። የሚጽፉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወንጌሉ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ በካህናት ይጠበቃል፤ በሕዝብ ፊት ይነበባል። በጽሑፉ ላይ የምስክሮች ስም ይዘረዘራል፤ ቃሉን የሚያፈርስም ይወገዛል። ዶናልድ ክራሚ ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ይዞታና ማኅበረሰብ ያሳተመው ሰፊ ጥናት የቆመው በአብዛኛው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው። የጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ዛሬ ሊጠና የቻለው፣ ጸሐፊው ለራሱ ብቻ ሳይሆን በምስክር ፊት ለሚመጣው ሁሉ ስለ ጻፈ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ ልማድ ነበረን፤ ደጅ ጥናት። ጉዳይ ያለው ሰው በጌታው ደጅ ይቆማል፤ ጧት ይመጣል፤ ማታ ይመለሳል፤ ዓመትም ይከርማል። የሚጠብቀው ሞገስ ነው። ጌታው ዓይኑ ሲያርፍበት፣ ወይም ከውስጥ ያለ ሰው ስሙን ሲያነሣለት ጉዳዩ ይፈጸማል። ደጅ ጠኚ ደረሰኝ የለውም፤ ቀነ ገደብ የለውም፤ «አይሆንም» ሲባልም ምክንያት አይነገረውም። ዘመናዊው የጽሕፈት ሥራ በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከተቋቋመው ከጽሕፈት ሚኒስቴር ጀምሮ እየሰፋ ቢሄድም፣ ወረቀቱ የሚቀመጠው በደጁ ውስጥ፣ ጠያቂው የሚቆመው በደጁ ውጭ መሆኑ አልተለወጠም።

እርግጥ ነው፣ በሩን የከፈቱ ነበሩ። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ሕግ ከመነገር አልፎ ሰው ሁሉ ሊገዛው የሚችል ጽሑፍ ሆነ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ መኳንንቱ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የተሰኘውን ታላቅ ስብስብ አሳተሙ። ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ግብርና ስለ አስተዳደር የሚናገሩ ሰነዶችን ከመንግሥት ቤት አውጥተው ለአንባቢ ሰጡ። ዛሬ ያለ «ዝክረ ነገር» የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ አስተዳደር የሚያጠና ሰው የለም። ነገር ግን ይህ የአንድ አዋቂ ሰው ትጋትና ፈቃድ ነው። እሳቸው ባይፈቅዱ ኖሮ፣ አምጡ የሚላቸው ሕግ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲያችን የተወለደው በዚህ መካከል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1953 ዓ.ም. በቻርተር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት፤ ራሳቸውም ቻንስለሩ ሆኑ። ይህ ውለታ ነው፤ ውለታነቱን አልክድም። ሆኖም ቤተ መንግሥት ሲሰጥ ግንቡ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ የደጁም ልማድ አብሮ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲው የሌላውን መዝገብ ለመሰብሰብ ተግቷል። በ1955 ዓ.ም. በሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የብራና መጻሕፍትን፣ ጋዜጦችንና ደብዳቤዎችን ሰብስቦ ለተመራማሪ ከፍቷል። የራሱን የአስተዳደር ወረቀት ለጠያቂ የመክፈት ግዴታ ግን በዚያ ዘመን በማንም ላይ አልተጣለም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ መዝገብን አስፈሪ አደረገው። በ1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ። ከዚያም ቀይ ሽብር መጣ። በዚያ ጊዜ ስም በወረቀት ላይ መገኘት ነፍስ ያስከፍል ነበር። ሰዎች የተማሪነት ፎቶግራፋቸውን፣ የማኅበር መታወቂያቸውን፣ የወንድማቸውን ደብዳቤ አቃጠሉ። እኔ በልጅነቴ በጎረቤታችን ጓሮ ሌሊት ወረቀት ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ለምን እንደሚቃጠል የነገረኝ አልነበረም። እናም ዛሬ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይል አውጣ ሲባል እጁ ቢያመነታ አልፈርድበትም። እጁ የሚያስታውሰው ነገር አለ።

ነገር ግን ያው ዘመን ሌላም ትምህርት ትቶልናል። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስ፣ ከዋነኞቹ ማስረጃዎቹ አንዱ የደርግ የራሱ ወረቀት ነበር፤ ቃለ ጉባኤው፣ ትእዛዙ፣ ፊርማው። ሰዎችን ለማጥፋት የተጻፈው መዝገብ ተመልሶ የጠፉት ሰዎች ምስክር ሆነ። ወረቀቱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የእናቶች እንባ ብቻ ይቀር ነበር። ስለዚህ መዝገብ አደገኛ ነው ብሎ መቅበር ጉዳተኛውን አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ፈራሚውን ነው።

የተማሪዎች እንቅስቃሴን ታሪክ ስናጠናም ይህንኑ እናያለን። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ የሚያወሳ መጽሐፍ የተመሠረተው በቃል ታሪክ ላይ ነው። የእንቅስቃሴው ተሳታፊዎች ተሰብስበው ያስታወሱትን ተናገሩ። ይህ እጅግ ጠቃሚ ሥራ ነው። ሆኖም የአንድ ሰው ትውስታ ከሌላው ጋር ሲጋጭ ዳኛው ማን ነው? የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ነው፤ የዲኑ ደብዳቤ ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ሲሰናበቱም የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሐሳቡን ማን አቀረበ? ማን በስብሰባው ተገኘ? ማን ተቃወመ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ፖለቲከኛው ሁሉ መልስ አለው። የታሪክ ሰው ግን ወረቀቱን ሳያይ መመለስ አይገባውም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ከሐሳብ ነጻነት ጋር አያይዞ ያስቀምጣል። ይህን በዝርዝር ያወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ የመረጃ ነጻነቱ ክፍል ጸንቶ ቆይቷል። አዋጁ መብቱን የሰጠው ለጋዜጠኛ ወይም ለተመራማሪ ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም ሰው ነው። መረጃ የሚጠየቀውም መሥሪያ ቤት ሚኒስቴር ብቻ አይደለም፤ በሕግ የተቋቋመና በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር አካል ሁሉ ነው። በአገሪቱ ያሉት ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ውስጥ ናቸው።

አሠራሩም ተጽፏል። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ጊዜው ሊራዘም የሚችለውም በገደብ ነው። ኃላፊው ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። ጠያቂው ቅር ከተሰኘ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል። የግል ሕይወትን፣ የአገር ደኅንነትን፣ በሂደት ላይ ያለ ምርመራንና የመሳሰሉትን የሚመለከቱ ገደቦች አሉ። ሆኖም ገደቡን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በከልካዩ ላይ ነው። ደጅ ጥናትን በሕግ የሻረ አዋጅ ካለን ይህ ነው።

ታዲያ በተግባር ምን ሆነ? የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ፤ የተቋሙን ስም ግን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ነውር ስላልሆነ። አዋጁ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ለምርምሬ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የ1960ዎቹን የአካዳሚክ ኮሚሽን ቃለ ጉባኤዎች ፈለግሁ። ማመልከቻ ጻፍኩ። የተቀበለችኝ ጸሐፊ በትሕትና፣ «የትብብር ደብዳቤ ይዘዋል?» አለችኝ። አልያዝኩም ነበር፤ ሄጄ አጽፌ መጣሁ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላልና ለእኛ ተብሎ በስም ይጻፍ ተባልኩ። አጽፌ ተመለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ መስክ ወጥተዋል፤ ተቀይረዋል። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ጉዳዩን አያውቁትም። አምስት ወር አለፈ። «አይቻልም» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቢሉኝ ኖሮ ይግባኝ እል ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከንብረት ክፍሉ በር ላይ አንድ ሰው፣ «መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ከዓመታት በፊት ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ተማሪዬ ነበር። ቁልፉ በእሱ እጅ ነበር። በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ የተሰባበሩ ወንበሮችና ያረጁ የጽሕፈት መኪናዎች በተከመሩበት መጋዘን ውስጥ፣ ቃለ ጉባኤዎቹን በስኳር ጆንያ ተጠቅልለው አገኘናቸው። ፎቶ ኮፒ አደረግሁ። ጽሑፌም ታተመ።

ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ ድል አወራው ነበር። በኋላ ግን አንድ የማስተርስ ተማሪዬ የጠቀስኩትን ቃለ ጉባኤ ራሷ ልታየው ፈለገች። የት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? የፋይል ቁጥር የለውም፤ የመደርደሪያ ቁጥር የለውም፤ ያ ተማሪዬም ሥራ ቀይሯል። ሄዳ ጠየቀች፤ «እንዲህ ያለ ሰነድ የለንም» ተባለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኔ መረጃውን ያገኘሁት በመብቴ አልነበረም፤ በሰው ነበር። በሰው የተገኘ መረጃ ደግሞ ሰው በሌለው ዘንድ የለም። ለአንድ ሰው ብቻ የተከፈተ መዝገብ የታሪክ ምንጭ አይሆንም፤ ሌላው ሄዶ ሊመረምረው፣ ሊያርመው፣ «ተሳስተሃል» ሊለኝ አይችልምና። ያ ጽሑፌ እስከ ዛሬ ድረስ የቆመው በእኔ ቃል ብቻ ነው። ለታሪክ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር የለም።

የትብብር ደብዳቤ የምንለውን ነገር ደግሞ ልብ በሉት። አዋጁ «ማንኛውም ሰው» ይላል፤ ደብዳቤው «የእገሌ ሰው ነው» ይላል። ያለ ደብዳቤ የመጣ ሰው ማንነቱ ጎደሎ ነው። መጠየቂያውን ይዞ የሚመጣው የጡረታ ማስረጃ የሚፈልግ የቀድሞ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ወይም የሞተ ልጇን የትምህርት ታሪክ የምትፈልግ እናት ከየት ያጽፉ? እኛ ምሁራን በደብዳቤው በኩል ስለምንገባ በሩ ለሌላው ዝግ መሆኑ አይታየንም።

ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄ መመለስ አይችሉም ማለቴ አይደለም። ሬጅስትራር በየቀኑ ይመልሳል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታትሞ፣ ታሽጎ፣ ማኅተም ተረግጦበት ይላካል፤ ባለቤቱ ራሱ ከከፈተው ዋጋ ያጣል። በቅርብ ዓመታት መንግሥት የሠራተኞቹን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ሲጀምርም፣ «ይህ ሰው ከእናንተ ተመርቋል ወይ?» የሚል ደብዳቤ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ጎርፏል። ፋይሉን በሥርዓት የያዘ ቤት ይመልሳል፤ ያልያዘ ይቸገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል። በምረቃ ቀን የተመራቂው ስም በአዳራሽ ይጠራል፤ በምረቃ መጽሔት ይታተማል፤ ቤተሰቡ እልል ይላል። በማግስቱ ያው ስም ምሥጢር ይሆናል። ሐሰተኛ ዲግሪ የሚያድገው በዚህ ጥላ ውስጥ ነው።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ ያለ ክርክር አላለፈም። ለልደታው ትምህርት ቤት አጋር የነበረችው ስዊድን የመንግሥት ሰነድን ለዜጋ የከፈተ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። የሕንጻውን ጥበብ ከእነሱ ስንቀበል የመዝገቡን ልማድ አልተቀበልንም። ደቡብ አፍሪካ በ2000፣ ኡጋንዳ በ2005 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የመረጃ ጥያቄዎችን በአግባቡ ባለማስተናገዳቸው እ.ኤ.አ. ከ2009 በኋላ ከባድ ወቀሳ ደረሰባቸው። በአሜሪካ ግን የቨርጂኒያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት የምርምር ኢሜይሎች ለጠያቂ እንዳይሰጡ ወሰነ። ሁለቱ ጉዳዮች አብረው የሚነግሩን አንድ ነገር አለ። ጥያቄ ተመራማሪን ለማሸማቀቅ ሊውል ይችላል፤ ይህን ግን የሚለየው በሕግ ፊት የሚቀርብ ምክንያት እንጂ ዝምታ አይደለም።

የእኛም ሚዛን እንዲሁ መሆን አለበት። የተማሪ ውጤት፣ የጤና ማኅደር፣ የዲሲፕሊን ክስ ለመንገደኛ የሚሰጥ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ጥበቃ ደንግጓል፤ ደግ አድርጓል። የበጀት አጠቃቀም፣ የቅጥርና የዕድገት መስፈርት፣ የሴኔት ውሳኔ፣ የጨረታ ውጤት ግን የማንም ግላዊ ምሥጢር አይደሉም። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝነት የራስን ቤት ማስተዳደር ነው። በሕግ የተቋቋመና የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ቤት እስከሆነ ድረስ ግን የጠያቂው መብት አብሮት ይኖራል። እንዲያውም ውሳኔው ወደ ግቢው ሲመጣ ተጠያቂነቱም ወደ ግቢው ይመጣል።

ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላቀርብም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በእጁ ያለውን የሰነድ ዓይነት ዝርዝር አውጥቶ ቁጥር ይስጠው፤ የማናውቀውን መጠየቅ አንችልም። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ለሚያቀርብ ሰው ቀን ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ክልከላ በጽሑፍ ይሁን፤ አፍ የተናገረውን ይግባኝ ሰሚ አያየውም። አራተኛ፣ መጋዘን ውስጥ ያሉ አሮጌ ፋይሎች ንብረት ማስወገድ ሲመጣ ከወንበሩ ጋር እንዳይሸጡ፣ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጋር ተመክሮ ይለዩ። አምስተኛ፣ የትብብር ደብዳቤ ለሕዝብ መረጃ መጠየቂያ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ይቅር።

የልደታ ሰው የመዝገብን ዋጋ ከእኔ በላይ ያውቃል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ከዚያም አሮጌው ሰፈር ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ቤቱ የማን እንደነበረና ማን እንደኖረበት የመሰከረው የቀበሌ ወረቀትና የኪራይ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙን በሻንጣ ሥር ያኖረች እናት ታሪክ ጠባቂ ነበረች።

እኔም በበኩሌ የዘገየሁበትን አንድ ሥራ ፈጽሜአለሁ። ከዚያ መጋዘን ያወጣኋቸውን ፎቶ ኮፒዎች በቀን ቅደም ተከተል አደራጅቼ፣ ዝርዝር ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ ለቤተ መጻሕፍት አስረክቤአለሁ። ያቺ ተማሪዬ ባለፈው ወር ሄዳ፣ ቁጥሩን ጠርታ፣ ስሜን ሳታነሣ አውጥታ አንብባዋለች። በሁለት ቦታም እንደተሳሳትኩ ጽፋልኛለች። አርማኛለች፤ ትክክል ናት።